የበረሃው ሥር
ንባብ፦ ሮሜ 11፥17-24



ጳውሎስ እዚህ የሚያወራው ስለ ገበሬ ሥራ ነው፤ አገር ቤት ሳላችሁ ችግኝ ያዳቀላችሁ ቶሎ ይገባችኋል። ግን ነገሩን ገልብጦታል። ገበሬ የጣፋጩን ዛፍ ቀንበጥ በበረሃው ሥር ላይ ያዳቅላል፤ ጳውሎስ ደግሞ የበረሃው ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ውስጥ ገባ ይላል። ተሳስቶ አይደለም፤ ከተፈጥሮ ውጭ መሆኑን ራሱ ቁጥር 24 ላይ ይነግረናል። ጸጋ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ምንም ጣፋጭ ነገር ሳንይዝ ነው የገባነው።

የገበሬውን መንገድ ደግሞ እዚሁ ካኩማ በቁርቁራ ልንሞክረው እንችላለን። ቱርካናዎች ኤካላሌ ይሉታል። ልጆቻችን የሚለቅሙት ፍሬ ትንሽ ነው፣ ግማሹ ድንጋይ። ሥሩ ግን ጠልቆ ስለሚሄድ ድርቁን ይችለዋል። ዘሩን ብትተክሉት እንደ እናቱ ይጣፍጣል ማለት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ማዳቀል የሚያስፈልገው።

ዛፉ በበጋው መጨረሻ ይከረከማል። አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ እርሳስ ሲያክል ፍሬው ትልቅና ጣፋጭ ከሆነ ሌላ ቁርቁራ አንድ እምቡጥ ከነልጡ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል መጠን ላጡ። ከበረሃው ቀንበጥም ልክ ያንኑ ያህል ልጥ አንሡና ግጠሙት፤ ቁስል ከቁስል ካልተገናኘ አይይዝም። እምቡጡ እንዳይደርቅ ቶሎ ቶሎ ሥሩ። እምቡጡን ሳትሸፍኑ በላስቲክ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አረንጓዴ ከሆነ ይዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከበላዩ ያለውን ቁረጡ። ከሥር የሚወጣውን የበረሃ ቀንበጥ ግን ሁልጊዜ ማንሣት አለባችሁ፤ ከተዋችሁት ጣፋጩን ውጦ ያስቀረዋል። (ፍየልም አለች፣ እሾህ እጠሩ።)

ቢላዋ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ። በቱርካና ወንዝ ዳር ያለው ዛፍ የቤተሰብ ነው፣ ኤክዋር ይሉታል። እኛ ጌታ የሌለው ሲመስለን ለማገዶ ቆርጠን ስንት ጠብ አምጥተናል! ቁጥር 18 በቅርንጫፎቹ ላይ አትኩሩ የሚለን እንግዶቹን ነው።

«ነገ ሪሴትልመንት ቢመጣልኝ ለማን ትቼው?» የምትሉ አላችሁ። ፍሬውን የቱርካናው ልጅ ይበላዋል፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም ስደተኛ።

ለእሑዱ ውይይት፦ በብሎካችሁ አጠገብ ፍሬው የሚጣፍጠው ቁርቁራ የትኛው ነው? ባለቤቱን የሚያውቅስ ማን ነው?