ከዘበኛ ዓይን የተሰወሩ ሕዋሳት



ከስማዳ ገጠር የመጡ አንዲት አያት፣ እናትና አባቱን ያጣውን የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው፣ «ኡስታዝ፣ በደሙ ቫይረስ አልታየም ተብሏል፤ ታዲያ ኪኒኑን ለምን ይውጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም፤ ሊቃውንት ዛሬም የሚደክሙበት ነው።

ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ሲዲ4 የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ የራሱን የዘር መመሪያ ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ያጣብቃል። ሲዲ8 የተባሉት ገዳይ ሕዋሳት ደግሞ እንደ ኬላ ጠባቂ እየዞሩ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ በገጹ ላይ የሚያሳየውን የፕሮቲን ቁራጭ ይፈትሻሉ፤ የቫይረስ ቁራጭ ያገኙበትንም ይገድላሉ። ኤች አይ ቪ ግን ኔፍ በተባለው ፕሮቲኑ አማካይነት፣ ቁራጩ የሚታይበትን ማሳያ ከሕዋሱ ገጽ ያሳንሰዋል።

ከዚህ የከፋው እንቅልፉ ነው። ጥቂት የተበከሉ ሕዋሳት ያንቀላፋሉ፤ በውስጣቸው ያለውም ቫይረስ ፕሮቲን ማምረቱን ያቆማል። ጠባቂው በአጠገባቸው ቢያልፍ ጤነኞች ይመስሉታል። መድኃኒቱም የሚያግደው የሚባዛውን እንጂ የተኛውን አይደለም። ቁጥራቸው ካረፉት ሲዲ4 ሕዋሳት ከሚሊዮን አንድ ያህል ቢሆንም፣ በግማሽ ለመቀነስ 44 ወራት ገደማ ይፈጅባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናትም፣ ሕዋስን ከሞት የሚጠብቀው ቢሲኤል-2 የተባለ ፕሮቲን የበዛባቸው ሕዋሳት፣ ገዳዮቹ ቢደርሱባቸውም እንኳ እንደሚቋቋሙ አሳይቷል።

በአሜሪካ ሚሲሲፒ እ.ኤ.አ. በ2010 የተወለደች ሕፃን በ30 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ጀመረች። በ18 ወሯ ገደማ ሕክምናዋ ተቋረጠ፤ ቫይረሱም ስላልታየ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳነች ተብሎ ተወራ። ያለ መድኃኒት ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ፣ በ2014 ቫይረሱ ተመልሶ ተገኘ። ከጥቂት የተኙ ሕዋሳት መካከል አንዱ መንቃቱ በቂ ነበር።

በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በፊት በጋይንትም ሆነ በእስቴ ለብዙው ቤተሰብ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም፤ ዛሬ በእጅ ያለውን መጣል ታዲያ እንዴት ይታሰባል?

አያትዬዋ ይህን ሁሉ በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «የተዳፈነ ረመጥ ነዋ!» አሉ። እኔ በብዙ ቃል የደከምኩበትን እርሳቸው በሦስት ጨረሱት። ከዚያም ከነጠላቸው ጫፍ የቀጠሮ ካርዱን ፈትተው፣ ቀኑን እንዳነብላቸው ሰጡኝ።