የነፃነት ልቦለድ ስናነብ ምን እንጠይቅ?

የኦዳ ተማሪዎቻችን ስለ ጠፈርና ስለ ሮቦት የሚተርኩ ልቦለዶችን ይወዳሉ፤ እኛም እሰየው እንላለን። ለዘንድሮው የንባብ ትምህርት ከእነዚሁ አንዱን መርጠናል።

አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1966 «ጨረቃ ጨካኝ እመቤት ናት» የሚል ልቦለድ አሳተመ። ሊበርታሪያን የሚባሉት፣ መንግሥት በሰው ኑሮ ጣልቃ አይግባ ባዮች፣ እጅግ ያከብሩታል፤ በ1983 በሽልማታቸው የክብር መዝገብ አስፍረውታል። ታሪኩ በጨረቃ ላይ ስለሚኖሩ ግዞተኞችና ልጆቻቸው ነው። እህል አምርተው ወደ ምድር ይልካሉ፤ የሚገዛቸው ከምድር የተሾመ ሰው ነው። በመጨረሻም ዐምፀው ነፃ ይወጣሉ።

ዐመፁን የጠነሰሱት ግን ሦስት ሰዎችና አንድ ኮምፒዩተር ናቸው። ኮምፒዩተሩ የስልክ መስመሩን ስለያዘ የሰውን ንግግር ያዳምጣል። አዳም ሰሊን የሚባል መሪም ይፈጥራል። ሕዝቡ ድምፁን ይሰማል፣ መልኩን በስክሪን ያያል፣ ይከተለዋል፤ አዳም የሚባል ሰው ግን የለም። (በስልክ የሚዘዋወረውን የሐሰት ቪዲዮ ያየ ልጅ ይህ ቶሎ ይገባዋል።) ጉባኤም ይቋቋማል፤ ወሬ የሚያበዙት እዚያ ሲከራከሩ ቁም ነገሩ በጓዳ ያልቃል። የዚሁ ደራሲ የ1959 ልቦለድ ደግሞ የመምረጥ መብትን በፈቃዱ መንግሥትን ላገለገለ ብቻ ይሰጣል።

እኛ መጽሐፉን አንብቡት እንላለን፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ገዥው ክፉ ስለሆነ ብቻ የዐማፅያኑ ማታለል ሊያመልጠን አይገባም። የቦረና ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ሲሰበሰብ ሕግ የሚነገረው በአደባባይ ነው፤ ተናጋሪውም ይታወቃል። የጨረቃው ሕዝብ ይህን አላገኘም።

ለንጽጽር የሚሆን በአማርኛም አለን። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት «አልወለድም» ውስጥ አንድ ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልመጣም ይላል። መጽሐፉ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ታግዶ ነበር። ያ ሕፃን ሳይወለድ እንኳ እምቢ የሚልበት አፍ አለው፤ የጨረቃው ሕዝብ ግን እምቢ ቢል የሚሰማው መሪ በአካል የለም።

የቤት ሥራ፦ በክፍል አለቃ ምርጫ አንድ ጎበዝና ታማኝ ልጅ በር ዘግቶ ብቻውን ድምፅ ይቁጠር ቢባል ትስማማላችሁ? ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉና ለአማርኛ መምህራችሁ አስረክቡ።