ስለ ኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት አመራረጥ፤ ባለአንድ ሞላ ወይስ ባለሁለት ሞላ?

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ የተራራ ብስክሌት ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ ከውጭ አገር ፋብሪካዎች የሚላክለትን የዋጋ ዝርዝር ሲመለከት፣ በአንድ ዐይነት ሞተርና በአንድ ዐይነት ባትሪ የሚሠሩ ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን ተጽፈው ያገኛል። አንዱ «ሃርድቴይል»፣ ሌላው «ፉል ሰስፔንሽን» ይባላል። በሥዕል ሲታዩ ልዩነታቸው ጥቂት ይመስላል፤ በዋጋ ግን ሁለተኛው ከፊተኛው ብዙ ጊዜ በአንድ ሦስተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም በግማሽ ያህል ይበልጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ ነጋዴው ዐይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መመለሱ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ቡናና ሰሊጥ ለውጭ ገበያ ቀርቦ በተገኘ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ፣ ይህ የዋጋ ልዩነት በምን ምክንያት እንደሚከፈልና ለማን እንደሚጠቅም አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ሃርድቴይል የሚባለው የፊት ሹካው ብቻ ሞላ ያለው፣ የኋላው ክፍል ግን ከቴላዮው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ፉል ሰስፔንሽን የተባለው ደግሞ፣ ከፊት ሹካው ሞላ በተጨማሪ፣ የኋላ እግሩ በኩሽኔታ በተያያዙ መገጣጠሚያዎች ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ፣ በመካከሉ በአየር ወይም በሽቦ ሞላ የሚሠራ ሾክ አብዞርበር የተገጠመለት ነው። ለንባብ እንዲያመች ከዚህ በታች ፊተኛው ባለአንድ ሞላ፣ ሁለተኛው ባለሁለት ሞላ ተብለው ይጠራሉ።

የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ሲጀመር ከፊትም ከኋላም ሞላ አልነበረውም። ፔዳል ሲመታ ሞተሩ የሚያግዝ ብስክሌት በያማሃ ኩባንያ ተሠርቶ በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ተገናኝተው ትልቅ ንግድ የሆኑት እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ በተለይም በጀርመን አገርና በአልፕስ ተራሮች ዙሪያ ባሉ አገሮች ነው። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው ዛሬ በዋጋ ዝርዝር ውስጥ የሚታዩት አብዛኞቹ ሞዴሎች የተሠሩት በእነዚያ አገሮች ያለውን ገዢ በማሰብ ስለሆነ ነው። ያ ገዢ በበዓል ቀን ተራራ ወጥቶ በድንጋያማ ቀጭን መንገድ በፍጥነት መውረድ የሚወድ ሰው ነው። ቤቱ አጠገብም ሞተሩን በኮምፒውተር የሚመረምር፣ መለዋወጫውንም በጥቂት ቀን የሚያስመጣ ሱቅ አለው።

ባለሁለት ሞላውን ያለ አግባብ መንቀፍ አይገባም። ቀድሞ በእግር ብቻ በሚነዳው ብስክሌት ላይ ዋነኛ ነውሩ ክብደቱ ነበር፤ ሞተር ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ነቀፋ ኀይሉን አጥቷል። እንዲያውም ሞተርና ባትሪ የተሸከመ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የኋላ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ጉዳቱ ይከብዳል። ነጂውም በሞተር እየታገዘ ዳገት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ስለሚሄድ፣ በእግሩ ቆሞ ምቱን መቀበል ሲገባው በወገቡ ይቀበለዋል። የኋላው ሞላ ይህን ያበርዳል። ከዚህም በቀር ጎማው ከመሬት ሳይለይ እንዲሄድ ስለሚያደርግ፣ ጠጠር በበዛበት ዳገት ላይ የሞተሩ ጉልበት በከንቱ እንዳይሽከረከር ይረዳል።

ስለ ክብደቱ ነገር በቁጥር መናገር ይሻላል። አንድ ሰው ከነብስክሌቱ 110 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከአዲስ አበባ ከተማ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ቢወጣ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ የሚያስፈልገው ኀይል 210 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን እግሩ ይከፍላል። እንግዲህ 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ መካከለኛ ባትሪ ለዚህ ዳገት ይበቃል ማለት ነው። ባለሁለት ሞላው በ3 ኪሎ ቢበልጥ በዚሁ ዳገት ላይ የሚጨምረው ወጪ 6 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ባለሁለት ሞላው ባትሪ ይበላል» እያለ ደንበኛውን የሚያስፈራራ ሻጭ ምክንያቱ ደካማ ነው። በነገራችን ላይ፣ የነዳጅ ሞተር አየር በሳሳበት ከፍተኛ ቦታ ጉልበቱ ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተር አይቀንስም፤ ይህ ለሁለቱም ዐይነቶች የሚሆን፣ በደጋ አገር ላለ ሻጭ ጥሩ የመሸጫ ቃል ነው።

እውነተኛው ልዩነት ያለው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ በሚመጣው ጥገና ላይ ነው። ባለአንድ ሞላው የሚፈልገው ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ የሚያውቀውን ነው፤ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ካለመዳሪ፣ አልፎ አልፎም የፊት ሹካውን ዘይትና ጎሚኒ መለወጥ። ባለሁለት ሞላው ይህን ሁሉ ከፈለገ በኋላ የራሱን ይጨምራል። በየመገጣጠሚያው ያሉት ኩሽኔታዎች ውሃና አቧራ ሲገባባቸው ይዝጋሉ። የኋላው ሾክ በውስጡ ያሉት ማሸጊያ ጎሚኒዎች በጊዜያቸው መለወጥ አለባቸው፤ ሮክሾክስ የተባለው የታወቀ የሹካና የሾክ ሠሪ ቀላሉን ጥገና በየ50 የጉዞ ሰዓት፣ ዋናውን ደግሞ በየ200 ሰዓት እንዲደረግ ያዝዛል። በቀን አንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው 50 ሰዓቱን በሁለት ወር ውስጥ ይጨርሳል። ጎሚኒው ርካሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ሾክ ብቻ የሚሆን ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ከሌለ ብስክሌቱ ይቆማል። ገዢው ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዶ በኀይለኛ የውሃ ግፊት ካሳጠበውማ የኩሽኔታዎቹ ዕድሜ በጣም ያጥራል። ሻጩ ይህን በሽያጭ ቀን ካልተናገረ ደንበኛው በራሱ ሊያውቀው አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። የኋላው ሾክ የአየር ከሆነ በነጂው ክብደት ልክ መሞላት አለበት። ነጂው ሲቀመጥበት ሾኩ ከጠቅላላ መንቀሳቀሻው ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህል ዝቅ ማለት ይገባዋል። ለዚህም የጎማ መንፊያ ሳይሆን መለኪያ ያለው ልዩ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል። ይህ ያልተስተካከለለት ገዢ ለሞላው ከፍሎ ሞላውን አላገኘም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ርካሹ ባለሁለት ሞላ ነው። በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ከጥሩ ባለአንድ ሞላ በታች የተጻፈ ባለሁለት ሞላ ሲገኝ ነጋዴው ሊደሰት አይገባውም፤ የኋላውን ክፍል ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ከአንድ ቦታ ተቀንሷልና። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ከሞተሩ፣ ከባትሪው፣ ከፍሬኑና ከሾኩ ነው። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ ኮርቻውን በእጁ ጫን አድርጎ ሲለቀው ወደ ላይ ዘሎ ከተመለሰ «ምቹ ነው» ብሎ ይገዛል። እንደ እውነቱ ግን ይህ የመጥፎ ሾክ ምልክት ነው፤ መልካም ሾክ ሲጫን ይወርዳል፣ ሲለቀቅ ግን በዝግታና በልክ ይመለሳል እንጂ አይዘልም። ናሙና የመጣለት አስመጪ ሌላም ፈተና ማድረግ ይችላል። ቴላዮውን በአንድ እጁ ይዞ የኋላ ጎማውን በሌላው እጁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፋው። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ መላላት ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ፣ ገና ከሣጥኑ የወጣ ዕቃ እንዲህ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ለማን የቱ ይሸጥ? በከተማ ውስጥ በኮብልስቶን መንገድ ወደ ሥራው ለሚመላለስ፣ በገጠር ጥርጊያ መንገድ ለሚጓዝ፣ በኋላ መደርደሪያው ዕቃ ወይም ልጅ ለሚጭን ሰው ባለአንድ ሞላው ይበቃዋል፤ መደርደሪያና የጭቃ መከላከያም ያለ ችግር ይቀበላል። የኋላው ንዝረት እንዳያስቸግረው ከ2.4 እስከ 2.6 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ በመጠነኛ አየር ተሞልቶ ቢገጠምለት ራሱ ጎማው እንደ ሞላ ይሆናል፤ በተጨማሪም ሞላ ያለበት የኮርቻ ዘንግ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ባለሁለት ሞላው የሚገባው በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ በፍጥነት መውረድን እንደ ስፖርት ለያዘ ሰው፣ ወይም እንግዶችን በተራራ መንገድ የሚያስጎበኝና የራሱ መካኒክ ላለው ድርጅት፣ እንዲሁም ወገቡን የሚያመውና ሁለቱንም ለመክፈል አቅም ላለው ሰው ነው። እንደነዚህ ያሉት ገዢዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚፈልጉትንም ያውቃሉ። ስለዚህ ለእነርሱ ቀብድ ተቀብሎ በትእዛዝ ማስመጣት ሱቅ ውስጥ ደርድሮ ከመጠበቅ ይሻላል።

ለምሳሌ ያህል ባለአንድ ሞላው 100፣ ባለሁለት ሞላው 150 ቢያወጣ፣ ለ12 ባለሁለት ሞላ የሚሆን ገንዘብ 18 ባለአንድ ሞላ ይገዛል። ወይም 15 ብቻ ተገዝቶ የ3ቱ ዋጋ ለመለዋወጫ ይውላል። ይህ ሁለተኛው አሠራር ለጀማሪ አስመጪ የሚመረጥ ነው፤ መለዋወጫ ያለው ሱቅ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታልና። ያልተሸጠ ብስክሌት እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ምስማር ሳይለወጥ የሚቆይ ሸቀጥ አለመሆኑንም ማሰብ ያስፈልጋል። ባትሪው ሳይነዳም በመደርደሪያ ላይ እያለ ያረጃል። በመጋዘን የሚቆይ ባትሪ ከ30 እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ፣ ሙቀት በሌለበት ደረቅ ቦታ መቀመጥና በየጊዜው መታየት አለበት፤ ባዶ ሆኖ ለወራት የተረሳ ባትሪ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

አንዳንድ ነጋዴ «ባትሪ ቢያስፈልግ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ ይመጣል» ብሎ ያስብ ይሆናል። ይህ አይሆንም። የዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ደንብ መንገደኛ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በሻንጣም በእጅም እንዳይዝ ይከለክላል፤ የተራራ ብስክሌት ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 800 ዋት ሰዓት ነው። ለብቻው የታሸገ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄድም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ተከልክሏል። የቀረው የጭነት አውሮፕላን ወይም በጅቡቲ በኩል የሚመጣው መርከብ ስለሆነ፣ ትርፍ ባትሪ ከብስክሌቶቹ ጋር በመጀመሪያው ትእዛዝ መጠየቅ አለበት። ባትሪው የተባበሩት መንግሥታት 38.3 የተባለውን ፈተና ማለፉን የሚገልጽ ወረቀት ከሌለ ጭነቱን የሚቀበል አጓጓዥ ማግኘት ያስቸግራል።

የጉምሩክ ሰነድ በሚዘጋጅበት ጊዜም ስሕተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያሻል። ተራ ብስክሌት በዓለም አቀፉ የታሪፍ ቁጥር 87.12 ሲመደብ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዘው ግን ከሞተር ብስክሌቶች ጋር በ8711.60 ይመደባል። ባለአንድም ሆነ ባለሁለት ሞላ ቢሆን በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም፤ ነገር ግን ሻጩ ፋብሪካ ኢንቮይሱ ላይ «ብስክሌት» ብቻ ብሎ ከጻፈው ዕቃው ወደብ ላይ ሊቆም ይችላል።

ለፋብሪካው በሚጻፈው የትእዛዝ ደብዳቤ ውስጥ ከብስክሌቱ ዋጋ ጋር የሚከተሉት በፕሮፎርማው ላይ በየመስመራቸው ዋጋ እንዲወጣላቸው መጠየቅ ይጠቅማል። ይኸውም ትርፍ ባትሪና ቻርጀር፣ ካቴና፣ የዘይት ፍሬን ሸራ፣ የፊት ሹካው የማሸጊያ ጎሚኒ፣ እንዲሁም የኋላው ማርሽ ማዛወሪያ የሚታሰርበት ትንሿ የአልሙኒየም ጆሮ ነው። ይህች ጆሮ ብስክሌቱ በጎኑ ሲወድቅ ቀድማ የምትሰበር ስትሆን ከቴላዮ ቴላዮ ስለምትለያይ ከሌላ ብስክሌት ወስዶ መግጠም አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ብስክሌት ሁለት ሁለት ቢታዘዝ አይበዛም። ትእዛዙ ባለሁለት ሞላም የሚጨምር ከሆነ የመገጣጠሚያዎቹ ኩሽኔታ ሙሉ ስብስብ፣ የሾኩ ጎሚኒና የአየር ፓምፑ ይታከሉበት። የሞተሩን መመርመሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለአዲስ ሻጭ ይሰጥ እንደሆነም በዚያው ደብዳቤ ይጠየቅ፤ ብዙዎቹ የታወቁ ሞተር ሠሪዎች ይህን የሚፈቅዱት ስሙ ለተመዘገበ ሻጭ ብቻ ስለሆነ፣ መልሱ ሳይመጣ የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት መክፈት አያስፈልግም።