ከስጦታ ወደ ስምምነት፦ የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ከሠራተኛ ማኅበር አንጻር

በኢትዮጵያ የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲነሣ በአብዛኛው የሚጠቀሰው ለትምህርት ቤት የተሰጠ ገንዘብ፣ የተተከለ ችግኝ ወይም የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የኃላፊነቱን ይዘት የሚወስነው ማን ነው? አፈጻጸሙንስ ማን ይቆጣጠራል? የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ታሪክ የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳያል።

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ይህ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ መኖሪያ መንደር፣ ሕክምናና የመጠጥ ውኃ ያቀርብ ነበር። በዛሬው መመዘኛ ኃላፊነቱን የተወጣ ድርጅት ያሰኘዋል። ይሁን እንጂ የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ውኃውን ለረጅም ዓመታት ከጠጡት ሠራተኞች መካከል አከርካሪና መገጣጠሚያቸው ደርቆ ለአካል ጉዳት የተዳረጉ አሉ፤ በመንደሮቹ ያደጉ ልጆችም ጥርሳቸው በልዟል።

በስጦታ የቀረበ አገልግሎት ተቀባዩን አመስጋኝ እንጂ ጠያቂ አያደርገውም። ውኃው እንዲመረመርና ውጤቱ እንዲገለጽ የመጠየቅ መብት የሚመነጨው ከድርድር ነው። ይሁንና የማኅበር መኖር ብቻውን በቂ አይደለም። የወንጂ ሠራተኞች ማኅበር ነበራቸው፤ አገር አቀፉ ኮንፌዴሬሽንም በ1955 ዓ.ም. ተመሥርቷል፤ ጉዳቱ ግን አልቀረም። ስለዚህ የድርድሩ አድማስ ከደመወዝ አልፎ ጤንነትንና መረጃ የማግኘት መብትን ማካተት አለበት።

የባንግላዴሽ ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2005 ዓ.ም. የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በውስጡ ከነበሩት የልብስ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ገዢ ኩባንያዎች የሚጠይቁትን የማኅበራዊ ኃላፊነት ፍተሻ አልፈው ነበር። ከአደጋው በኋላ ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ከገዢዎቹ ጋር የፈረሙት የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ግን በሕግ አስገዳጅ ሆነ።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ መነሻ ይሰጣል። 10 ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ አሠሪው የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ የማቋቋም ግዴታ አለበት፤ የኅብረት ስምምነትም ተዋዋዮቹን ያስገድዳል።

በወልቂጤ፣ በቡታጅራም ሆነ በሌሎች ከተሞች የድርጅቶችን ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚያጠና ተመራማሪ እንግዲህ የልገሳውን መጠን ብቻ መመዝገብ አይበቃውም። ድርጅቱ የገባው ቃል በኅብረት ስምምነቱ ሰፍሯል? የምርመራ ውጤት ለሠራተኛው ይገለጻል? ቃሉ ሲታጠፍ ማኅበሩ አቤት የሚልበት መንገድ አለው? መልሱ አሉታ ከሆነ፣ የተመዘገበው ልገሳ እንጂ ኃላፊነት አይደለም።