ሥዕሉና ያልተመለሰው ደብዳቤ

ጎጃም ውስጥ ሹምን በነገር መንካት የፈለገ ባለቅኔ ፊት ለፊት አይሳደብም፤ ነገሩን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሰሚው ይተዋል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደኖች ይህንኑ በሥዕል ያደርጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የተቋቋመው «ፐንች» የተሰኘ ሳምንታዊ መጽሔት በፖለቲካ ሥዕሎቹ የታወቀ ነበር። «ካርቱን» የሚለው ቃል የስላቅ ሥዕል መጠሪያ የሆነውም በ1843 በዚሁ መጽሔት ምክንያት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ አገራችንም ከዚህ ስላቅ አላመለጠችም። ነሐሴ 1867 ፐንች «የአቢሲኒያ ጥያቄ» ብሎ ባወጣው ሥዕል፣ በሴት የተመሰለችው ብሪታኒያ አፄ ቴዎድሮስን ስለ እስረኞቹ ታፋጥጣቸዋለች። በ1853 እዚሁ ጎጃም አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል የነሡት ቴዎድሮስ፣ ለለንደን አንባቢ የቀረቡት እንደ አሳሪ ብቻ ነበር።

ሰሙ ይኸው ነው። ወርቁስ? ወርቁ ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል። ንጉሡ በ1862 ወዳጅነት ጠይቀውና መልእክተኛ ለመላክ አስበው ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ለንደን መልስ ሳትሰጥ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየች፤ በጥር 1864 ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ። ብሪታኒያ በሥዕሉ የጠየቀችው ስለ እስረኞቹ እንጂ ስለ ደብዳቤው አልነበረም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደብዳቤው ለእኛ ለሙስሊሞች የሚጥም አይደለም፤ በቱርኮች ላይ አጋር የሚሻ፣ እስልምናንም በጨቋኝነት የሚከስ ነው። ታዲያ ለንደን ዝም ያለችው ለእኛ ተቆርቁራ ነውን? አይደለም። በክሪሚያ ጦርነት (1853–1856) ከቱርክ ጎን የተሰለፈችው ለጥቅሟ ስትል ነበርና ያንን ወዳጅነት ማበላሸት አልፈለገችም። ደብዳቤውን ባንወደውም፣ ያለ መልስ መቅረቱን ደብቆ በጸሐፊው መሳቅ ግን ፍትሕ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ዘመተ። ፓርላማው መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቅዶ ነበር፤ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ሞቱ።

የቪክቶሪያ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ነሐሴ 1935፣ ያው ፐንች ብዕሩን ወደ ራሱ መንግሥት አዞረ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሙሶሊኒ ሲዘፍኑ ሣለ፦ አትዋጋ፤ ከተዋጋህ ግን ቅሬታችንን በለሰለሰ ቃል እንገልጽልህ ይሆናል እያሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ማዕቀቡ ሲጣል ነዳጅ አልተካተተበትም።