ከደጃፍ ስለ ተመለሰ ሰው
ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ፣ ከግዴታው ነፃ ስለ መሆንና ደንበኛን ስለ መከልከል



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ጊዜው ያለፈበት መስሎ ይታይ ይሆናል። የኮሮና ተሕዋሲ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ዓለም አቀፉን የአስቸኳይ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቷል። ይሁን እንጂ በዚያ ወቅት በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ «ማስክ ሳታደርግ አትገባም» በሚለውና «ሕመምተኛ ነኝ፣ እኔን አይመለከተኝም» በሚለው መካከል የተነሣው ክርክር በብዙዎች ልብ ቂም ትቶ አልፏል። ወረርሽኝም ዳግመኛ አይመጣም ብሎ ዋስ የሚሆነን የለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ መከሰቱን ሰምተናል። ስለዚህ ነገሩን ልብ በሰከነበት ጊዜ ማጥናት ይሻላል።

አስቀድመን ሕጉ ምን ይል እንደ ነበረ እንመልከት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ወረርሽኝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከሚታወጅባቸው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ይገልጻል። በዚሁ መሠረት መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ለአምስት ወራት አዋጅ ታወጀ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም በገበያ፣ በመደብርና በሕዝብ ማመላለሻ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ አደረገ። የአዋጁ ዘመን ሲያበቃ የጤና ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. መመሪያ ቁጥር 30ን አወጣ። በዚህ መመሪያ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትና የመተንፈስ ችግር እንዳለባቸው ማስረጃ ማቅረብ የሚችሉ ሰዎች ከግዴታው ነፃ ሆኑ። መሸፈኛ ላላደረገ ሰው አገልግሎት መስጠትም ተከለከለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሌላ ስፍራ ክርክሩ ባለ ሱቁ በገዛ ንብረቱ ላይ ስላለው መብት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ባለ ሱቁ የከለከለው መብት ስላለው ብቻ ሳይሆን ስለ ታዘዘም ነው። ሳይሾም የሕግ ዘበኛ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። በትዕቢተኛነቱ የምናማው ሰው ምናልባት ቅጣት የፈራ ምስኪን ነበር።

እስቲ አሁን አንድ ሁኔታ በሐሳባችን እንሣል። የሳይንት ደጋ ብርዱ የታወቀ ነው። አንድ አስም ያለባቸው አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳገቱን ወጥተው አጅባር ገበያ ደረሱ። ከአንድ ሱቅ ጨውና ዘይት ሊገዙ ሲሉ በር ላይ የቆመው ልጅ፣ «አባቴ፣ አፍዎን ይሸፍኑ» አላቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ገለጡት። «ልጄ፣ ደረቴ አይችልም» ቢሉት፣ «የሐኪም ወረቀት አለዎት?» ሲል ጠየቃቸው። ወረቀት የላቸውም። በቀበሌያቸው ያለው ጤና ኬላ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሠራ እንጂ ሐኪም ተቀምጦ የሕመም ማስረጃ የሚጽፍበት አይደለም። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ደግሞ ሌላ መንገድና ሌላ ቀን ያስፈልጋል። በሱቁ ጓዳ በበኩሉ የባለ ሱቁ አሮጊት እናት በሕመም ተኝተዋል። በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛው ማን ነው?

ቶሎ ከመፍረዳችን በፊት ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። አፍን የመሸፈን ትእዛዝ ለቅዱስ መጽሐፍ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን (13፡45-46) ለምጽ ያለበት ሰው ከንፈሩን እንዲሸፍንና ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ታዝዟል። እኛ የወሎ ሰዎች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን፤ በደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት የታከሙበት ስፍራ መሆኑን የማያውቅ የለምና። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ነገር በምዕራፍ 14፡3 አለ፤ ሕመምተኛው መዳኑን መርምሮ የሚመሰክርለት ካህን ራሱ ከሰፈር ወጥቶ ወደ እርሱ ይሄዳል። ማስረጃ ሰጪው ነው ወደ ሕመምተኛው የሚጓዘው። በእኛ ዘንድ ግን ማስረጃውን ፍለጋ የሚደክመው ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነበር። ጌታችንም ለምጻሙን በእጁ ዳስሶ ካነጻው በኋላ ለካህን ራሱን እንዲያሳይ አዘዘው (ማር. 1፡40-45)፤ ርኅራኄው የማኅበረሰቡን ሥርዓት አላፈረሰም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ሕግ ሲያስተምር ያቀረበው ምሳሌ ለጉዳያችን የተጻፈ ይመስላል። ከተማ በጠላት ሲከበብ በሮች ሁሉ ይዘጉ የሚል ሕግ ይወጣል፤ ሕጉም ለጋራ ጥቅም ነውና መልካም ነው። ነገር ግን ለከተማይቱ የሚዋጉ ዜጎች በጠላት እየተባረሩ ወደ በሩ ቢደርሱ፣ የሕጉን ፊደል ተላልፎ መክፈት ይገባል፤ ሕጉን ያወጣው ሰው የፈለገው የከተማይቱን ደኅንነት ነውና። ሆኖም ቅዱሱ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨምራል። ድንገተኛ አደጋ ከሌለ ሕጉን እንደ ወደደ የመተርጐም ሥልጣን ለማንም አልተሰጠም፤ ጉዳዩ ሥልጣን ላለው ይቅረብ ይላል። እንግዲህ «ለእኔ አይሠራም» ብሎ ራሱን በራሱ ነፃ ያወጣ ጤነኛ ሰው ከዚህ ምሳሌ መጠጊያ አያገኝም።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ እንደ ነበር አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ከግዴታው ነፃ ነን የሚል የሐሰት ካርድ ተሠራጭቶ የፍትሕ መሥሪያ ቤታቸው ሕዝቡን እስከ ማስጠንቀቅ ደርሷል። ይህ ከስምንተኛው ትእዛዝ ጋር የሚጋጭ ከመሆኑም በላይ በእውነት የታመመውን ሰው ቃል ዋጋ ያሳጣል። የእኛ አዛውንት ያልታመኑት ከእርሳቸው በፊት የዋሸ ስለ ነበረ ሊሆን ይችላል።

ነፃ መሆን ራሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ከጾም ሥርዓታችን እንማር። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ነው፤ ይሁንና ነፃ ነኝ ብሎ በጾመኞች መካከል በግ አያርድም። ከጾም ቢፈታም ከጸሎትና ከምጽዋት አልተፈታም። የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ስለ ክትባት ባወጣው መግለጫ ያሳየው መንገድም ይኸው ነው። መከተብ በፈቃድ መሆን እንዳለበት ገልጾ፣ ስለ ሕሊናው የማይከተብ ሰው ግን በሌላ መከላከያና በጥንቃቄ በሽታ አስተላላፊ እንዳይሆን የተቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ጠይቋል። ደረታቸው መሸፈኛ የማይችል አዛውንትም ከመሸፈኛው ነፃ ሲሆኑ ከርቀቱ ነፃ አይደሉም፤ ከደጅ ቆመው ቢጠብቁ ክብራቸው አይቀንስም።

ባለ ሱቁስ? እንደ እኛ አስተያየት ወደ ውስጥ አትግቡ የማለት መብትም ግዴታም ነበረው። ጨውና ዘይቱን ግን ወደ ደጃፍ ይዞ መውጣት ይችል ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም እንዲጠበቅ ደንግጓል። መግባትን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት ማዋረድ ሌላ። ቅዱስ ያዕቆብ (2፡1-4) በጉባኤ በር ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን አክብረው ድኃውን ስለሚያቃልሉ ሰዎች የጻፈውን እዚህ ላይ ማንበብ ይጠቅማል። መሸፈኛውን አገጩ ላይ ያንጠለጠለው ባለ መኪና ሲገባ ባለ ጋቢው የተመለሰበት ሱቅ ካለ፣ እዚያ የተጠበቀው ጤና አልነበረም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፦ ይህን ምሳሌ በጉባኤያችሁ ስታቀርቡ አንዱን አዛውንቱን፣ ሌላውን በር ጠባቂውን ልጅ፣ ሦስተኛውን በጓዳ የተኙትን እናት ሆኖ እንዲናገር አድርጉ። በሦስተኛዋ ስፍራ የሚናገረውን አስቀድማችሁ ብታዘጋጁ መልካም ነው፤ በክርክሩ ሁሉ የምትረሳው እርሷ ናትና። ከዚያም ወደ ራሳችን ተመልሳችሁ በዚያ ወራት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ውሃና ሳሙና ይዘን ስንቆም ማንን እንደ መለስን ጠይቁ። እኛ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ነበር። የመለስናቸው ሰዎች እንደ ነበሩ እናስታውሳለን፤ በማግስቱ ቤታቸው ሄዶ የጠየቃቸው ግን ከመካከላችን አልተገኘም።