ብረቱና እጁ፦ የቅርስ ባቡር አጠባበቅ ትምህርት

የቅርስ ባቡርን ነገር ሊማር የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ሳናመነታ «ባቡሩ ነዋ!» እንላለን። መልሱ አልተሳሳተም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ሎኮሞቲቩ፣ ፉርጎው፣ ሐዲዱና የጣቢያው ሕንፃ በዓይን ስለሚታዩ ቅርሱ በእነርሱ ያለቀ ይመስለናል። ሆኖም ሰው ካላሞቀው፣ ዘይት ካልቀባው፣ ድምፁን ካላዳመጠው፣ ፍሬኑን በጊዜው ካልያዘው ባቡር የተከመረ ብረት ነው። ስለዚህ መሠረቱን እንዲህ እንጣል፤ በባቡር ቅርስ ውስጥ ሁለት አደራ አለ። አንዱ ብረቱ ነው፤ ሁለተኛው ብረቱን የሚያውቀው እጅ ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ አይጠበቁም፤ እንዲያውም አንዱን የሚያቆየው ነገር ሌላውን ያጠፋዋል።

ብረት በሠራ ቁጥር ያልቃል። መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ይሳሳል፤ ቱቦው በእሳትና በውሃ መካከል ይበላል። ብረቱን ማቆየት የሚሻ ሰው ከሥራ ያሳርፈዋል። የእጅ እውቀት ግን ካልሠራ ይጠፋል፤ ሠርቶ ካላሠራም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ዘወትር የሚወጣ ብራና ጠርዙ ይጠቁራል፣ ድጉሱም ይፈታል፤ በዕቃ ቤት ተጠቅልሎ የተቀመጠው ቀለሙ እንደ ጥንቱ ይኖራል። ይሁን እንጂ የሚነበብበትና የሚገለበጥበት ቦታ ከጠፋ ቁም ጸሐፊ አይወጣም፤ ቁም ጸሐፊ ከሌለ ደግሞ የዕቃ ቤቱ ብራና ሲጎዳ የሚጠግነው አይገኝም። ቤተ መዘክርና የሚሮጥ የቅርስ መስመርም እንዲሁ አንዱ ለሌላው ያስፈልጋል።

ይህ ትምህርት በተግባር የተፈተነበትን ቦታ እንመልከት። በዌልስ ታሊሊን የሚባለው ትንሽ የባቡር መስመር በ1865 የተከፈተው ከተራራ የሚፈለጠውን የጣሪያ ክዳን ድንጋይ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ታዊን ለማውረድ ነበር። (እዚህ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 686 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለቤቱ ሰር ሄንሪ ሃይደን ጆንስ በ1950 ሲያርፉ መስመሩ አብሯቸው ሊያርፍ ተቃርቦ ነበር። ሐዲዱን ሣር ውጦት ነበር፤ ከጥንቶቹ ሁለት ሎኮሞቲቮች መንቀሳቀስ የሚችለው ዶልጎኽ የሚባለው ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ደራሲው ቶም ሮልት በበርሚንግሃም ስብሰባ ጠራ፤ ፈቃደኞች መስመሩን ተረክበው በ1951 ግንቦት የመጀመሪያውን ባቡራቸውን አስነሡ። በዓለም በበጎ ፈቃደኞች እጅ የዳነ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ይህ ነው። ተጨማሪ ሎኮሞቲቭ ሲያስፈልጋቸው ከተዘጋው ከጎረቤታቸው ከኮሪስ መስመር ሁለት ገዙ፤ የእያንዳንዱ ዋጋ 25 ፓውንድ ነበር። መግዛታቸው የጠቀማቸው የሁለቱ መስመሮች የሐዲድ ስፋት አንድ በመሆኑ ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ድሬዳዋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ሰዎቹ ያስቀደሙት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሎኮሞቲቩን በመስታወት ከልለው ቲኬት መቁረጥ ይቀልላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ባቡሩን አስኬዱ። ብዙም ሳይቆዩ ደግሞ እዚያው ታዊን ጣቢያ ላይ የጠባብ ሐዲድ ባቡሮች ቤተ መዘክር አቋቋሙ። የሚሮጠው ይሮጣል፤ ማረፍ ያለበት በአጠገቡ ያርፋል። የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የድንጋይ ማውጫ ምድር በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ መስመር ከነሕይወቱ አብሮ ተካቷል።

«እጅ የሚያውቀውን ሁሉ ለምን መጽሐፍ ላይ ጽፈን አናስቀምጠውም?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መጻፍስ ይገባል። ነገር ግን በጽሑፍ የማይያዘው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንዴት ከእንቅልፉ እንደሚነሣ በዝግታ እንከተል።

ቀዝቃዛ ቦይለር ላይ በአንድ ጊዜ ትልቅ እሳት አይለቀቅም። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ የእሳት ሳጥኑ ግሎ የውጩ ግድግዳ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ መገጣጠሚያዎቹ ይጨነቃሉ፣ ቱቦዎቹም ማፍሰስ ይጀምራሉ። ስለዚህ እሳት አንዳጁ ገና ሳይነጋ፣ በትልልቆቹ ላይ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ፣ በትንሽ እሳት ብረቱን ያለማምደዋል። ከዚያ ዋናው ጥንቃቄ ይመጣል። ከእሳት ሳጥኑ ጣሪያ በላይ ምንጊዜም ውሃ መኖር አለበት። ውሃው ከጣሪያው በታች ከወረደ ጣሪያው ይግላል፣ ይለሰልሳል፤ የእንፋሎቱ ግፊት ወደ ታች ሲጫነው ይቀደድና ቦይለሩ ይፈነዳል። ለዚህ መጠንቀቂያ ጣሪያው ላይ መሐሉ በእርሳስ የተሞላ መድፈኛ ይገጠማል፤ ውሃ ሲጎድል እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱ ወደ እሳቱ ይወርድና ሠራተኛውን ያስጠነቅቃል። እስከዚህ ድረስ ያለውን መጽሐፍ ያስተምራል።

በቦይለሩ የውሃ መለኪያ መስታወት ላይ የሚታየው ልክ ግን ባቡሩ አቀበት ሲወጣ አንድ ነው፤ ጫፉ ላይ ደርሶ ቁልቁል ሲያዘነብል ሌላ ነው። ውሃው ወደ ፊት ይሸሻል፤ ከአፍታ በፊት በደንብ ተሸፍኖ የነበረው የእሳት ሳጥን ጣሪያ ሊራቆት ይችላል። በየትኛው ኩርባ ላይ ውሃ መጨመር እንዳለበት፣ የትኛው ከሰል ቶሎ ነዶ እንደሚያልቅ፣ ዝናብ ሐዲዱን ሲያረጥበው የትኛው ቦታ ላይ አሸዋ እንደሚበተን፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በዚያው መስመር ላይ ከአዋቂ ጎን ቆሞ የሠራ ሰው ነው። በብሪታኒያ የቅርስ መስመሮች አዲስ መጪ መጀመሪያ ጨርቅ ይዞ ሎኮሞቲቭ ይወለውላል፤ ቀጥሎ እሳት አንዳጅ፣ ከዓመታት በኋላም ተፈትኖ ነጂ ይሆናል። መወልወሉን እንደ ዝቅተኛ ሥራ የሚያይ ሰው ትምህርቱ አልገባውም። እያንዳንዱን ቡሎንና ዳዶ በእጁ የዳሰሰ ሰው ነው የላላውን የሚያገኘው።

አሁን ሁለተኛው አደራ ብረቱ ሲጠፋ እንኳ ምን ማድረግ እንደሚችል እንይ። ከምጽዋ እስከ አስመራ ያለው መስመር በ1887 ተጀምሮ በ1911 አስመራ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በ1970ዎቹ ጦርነት ሥራው ቆመ፤ ሐዲዱም አግዳሚውም ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ። ከኤርትራ ነፃነት በኋላ በ1990ዎቹ መልሶ የመሥራቱ ጥሪ ሲመጣ የተገኙት በጡረታ የነበሩ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነበር። ከምሽግ የተለቀመውን ሐዲድ አቃንተው አነጠፉ፤ በ1938 በጣሊያኑ አንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችና ሊቶሪና የሚባሉትን ባለሞተር መኪኖች እያደሱ አስነሡ። በ2003 ባቡሩ እንደገና አስመራ ገባ።

ከዚህ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ብረቱ ለዓመታት ተበትኖ ሳለ መስመሩ አለመሞቱ ነው፤ እነዚያ አረጋውያን ነበሩና። በሕይወት ባይኖሩ ኖሮ ሐዲዱ ሳይነካ ቢቆይም ማን ያስኬደው ነበር? ይህ ታሪክ ሥጋትም አለበት። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው እጅ ከሥሩ ወጣት ካላቆመ እንዲህ ያለው ትንሣኤ አይደገምም።

እንግዲህ ሁሉም ይሩጥ ማለት ነው? አይደለም። አንዳንድ ብረት እስከ ዘላለሙ መነካት የለበትም። በ1829 እስቲቨንሰኖች የሠሩት ሮኬት የተባለው ሎኮሞቲቭ በእንግሊዝ ቤተ መዘክር ቆሟል። በሥራ ዘመኑ ብዙ ስለተለዋወጠ የዛሬ መልኩ የ1829ኙ አይደለም፤ ለተመራማሪ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ የመዶሻ ምልክት ምስክር ነው። ለመሮጥ ቢታደስ አሮጌው ብረት በአዲስ ይተካና ምስክሩ ቃሉን ያጣል። ስለዚህ በ1979 ሌላ ሮኬት በአምሳያው ተሠራ፤ ያኛው የተሠራው እንዲነዳ፣ እንዲጨስ፣ ሕዝብም እንዲያየው ነው። ዋናው ያርፋል። ይህ ሦስተኛ መንገድ እጁንም ይጠብቃል፤ አምሳያውን የሚሠራ ባለሙያ የጥንቱን አሠራር አንድ በአንድ መማር አለበትና።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ ጠንካራ ስለሆነ በትዕግሥት ይመለስ። «የሚሮጠው ሎኮሞቲቭ ቱቦው ተቀየረ፣ ቦይለሩ ተቀየረ፣ መንኮራኩሩም ተቀየረ፤ ታዲያ ምኑ ቅርስ ሆነ?» ይላሉ። መጀመሪያ፣ ሎኮሞቲቭ ድሮም ሲሠራ ይኖር የነበረው ክፍሎቹ እየተለወጡ ነው፤ ቦይለር ማውጣትና ሌላ መግጠም የሥራ ዘመኑ የዘወትር ተግባር ነበር። ስለዚህ መለወጡ ብቻውን አያጎድፈውም። የሚያጎድፈው በድብቅ መለወጡ ነው። የአውሮፓ የቅርስ ባቡር ማኅበራት የተስማሙበት የሪጋ ቻርተርም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ለውጥ ግድ ሲሆን በልክ ይሁን፣ ይመዝገብ። የወጣው አሮጌ ክፍል ከየት፣ መቼና ለምን እንደወጣ ምልክት ታስሮበት መቀመጥ አለበት፤ የገባው አዲስ ክፍል በማን እጅና ከምን እንደተሠራ በመዝገብ መስፈር አለበት። አንድ የጥገና ቤት ውስጥ ስገባ አስቀድሜ የምጠይቀው መዝገቡን ነው። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ሎኮሞቲቭ መዝገብ ከሌለው ያሳዝነኛል፤ ታሪኩ በቀለሙ ሥር ተቀብሯልና።

ደኅንነትም የቅርሱ አካል ነው። በብሪታኒያ አብዛኞቹ የቅርስ መስመሮች በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዱም። ቦይለሩም በተለመደው አሠራር በየ10 ዓመቱ ገደማ ተፈታትቶ ይመረመራል። ይህ ወጪው ከባድ ነው፤ የቲኬት ገቢ ብቻውን ስለማይሸፍነው መዋጮ፣ የሱቅ ሽያጭና ያለ ደመወዝ የሚሠራ ጉልበት ይደግፉታል። ገንዘብ ሲያንስ መቆረጥ ያለበት የጉዞው ቁጥር ነው፤ ምርመራው በፍጹም አይቆረጥም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ድሬዳዋ የተመሠረተችው በዚህ ባቡር ነው፤ ትልቁ የጥገና ቤትም እዚያው ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ታሊሊኖች ከኮሪስ ሎኮሞቲቭ ገዝተው መጠቀም የቻሉበት ምክንያት፣ የሐዲድ ስፋት አንድነት፣ እዚህ የለም፤ አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንድ ሜትር እንኳ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የአሮጌው መስመር ሐዲድ ተነቅሎ ካለቀ የሚሮጥ ቅርስ የሚባለው ነገር አብሮ አለቀ ማለት ነው። ከመላው መስመር ለዚህ የሚበቃው ከድሬዳዋ ጣቢያና ከጥገና ቤቱ ጋር የተያያዙ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አስተሳሰብ መታረም አለበት። ቅርስ ሲባል ጭስ ብቻ የሚታያቸው አሉ። የጅቡቲና የአዲስ አበባው አሮጌ መስመር ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በናፍጣ ሞተር ሲሠራ ኖሯል፤ ዛሬ በድሬዳዋ በሕይወት ያሉት አባቶች የሚያውቁት ናፍጣውን፣ ባለሞተር መኪናውን፣ ቶርኖውን፣ የፍሬኑን አየር ነው። ቅርሱ እርሱ ነው። ያልነበራቸውን የእንፋሎት ሙያ ለቱሪስት ብለን ከመፈለግ ያላቸውን እንቀበል።

ስለ ቅደም ተከተሉ የምለው ሥራውን የሚጀምር ሁሉ እንዲሰማው እመኛለሁ። ሕንፃ ማደስና ቀለም መቀባት ይቆይ። መጀመሪያ የአረጋውያኑ ቃል ይቀረጽ፤ ቤታቸው ተቀምጠው ሳይሆን ጥገና ቤት ውስጥ ከማሽኑ ፊት ቆመው፣ እጃቸውም በካሜራ እየታየ፤ መሣሪያውን ሲያነሡ የሚያስታውሱትን ወንበር ላይ አያስታውሱትምና። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር መዝገቦቹና ንድፎቹ እነርሱ ሊያስረዱ በሚችሉበት ጊዜ ከእነርሱ ጋር ይነበቡ። ከዚያ አንድ ሞተር ለመሮጥ፣ አንድ ደግሞ ፈጽሞ ላለመነካት ይመረጥ። በእያንዳንዱ አባት ሥር ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት ሁለት ወጣቶች በደመወዝ ይመደቡ፤ አባትየውም በእንግድነት ተጋብዘው ሳይሆን በመምህርነት ተቀጥረው፣ ወጣቱ ብቻውን ሞተሩን አስነሥቶ እስኪያቆም ድረስ ፈተናውን የሚሰጡት እርሳቸው ይሁኑ።